ወደ ነጩ ወሽመጥ የሚወስደው መንገድ

ማርሳሊ አሸዋውን እንግዶች ሳይገቡ ጠረገችው። ከወንድሟ የሬሳ ሣጥን ሥር፣ በእግሩ በኩል ነበር፤ እፍኝ የማይሞላ፣ ነጭ፣ እንደ ዱቄት የላመ፣ ርጥብ አሸዋ። ትናንት ጠዋትም እዚያው ቦታ ላይ ጠርጋ፣ አንዱ ለቀስተኛ በጫማው አምጥቶት ይሆናል ብላ አልፋው ነበር። ዛሬ ግን መጥረጊያውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ከመንደሩ በታች ያለው የባሕር ዳር ጥቁር ጠጠር እንጂ አሸዋ የለውም። በደሴቲቱ ላይ እንዲህ ያለ አሸዋ የሚገኘው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ረግረጉን አቋርጦ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚያስኬደው፣ ሰው የማይኖርበት ነጩ ወሽመጥ።

«እማ፣ ምን ሆነሽ ነው? ፊትሽ አመድ መስሏል» አለች ልጇ ኡና ከበሩ ላይ።

«ምንም አልሆንኩም። ይልቅ ሻዩን ጣጂ፤ ሰው መምጣቱ ነው።»

ቶርኪል ከሞተ ሁለተኛ ቀኑ ነበር። በሰባ አንድ ዓመቱ፣ በግ እየሸለተ ሳለ ልቡ ቀጥ ብላ ነው የሞተው። እስከ ሦስተኛው ቀን፣ እስኪቀበር ድረስ፣ ሬሳው ብቻውን አይተውም፤ ጎረቤት እየተፈራረቀ አብሮት ይቀመጣል።

እኩለ ቀን ሳይሆን ቤቱ ሞላ። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ስለ አየሩና ስለ በጉ ዋጋ ያወራሉ። ሴቶቹ ሻይና የቅቤ ብስኩት እያዞሩ በሹክሹክታ፣ «ምስኪን! እህቱን ሲጠብቅ ሳያገባ ቀረ» ይባባላሉ። እውነታቸውን ነው። የማርሳሊ ባል ፊንሌይ ከሠላሳ ስምንት ዓመት በፊት ለዓሣ ወጥቶ ጀልባው ተገልብጣ ስትገኝ፣ እሱ ግን የውኃ ሽታ ሆኖ ሲቀር፣ ቶርኪል ዕቃውን ጠቅልሎ እህቱ ቤት ገባ። በዚያው ቀረ። ማርሳሊ ሬሳ ስላላየች አላለቀሰችም፤ መንገድ ጠፍቶት እንደሆነ ብላ በየምሽቱ ባሕሩን በሚያየው መስኮት ላይ ፋኖስ ታበራ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አበራች። ጋዙን የሚሞላላት ቶርኪል ነበር። መምህሩ ላግባሽ ብሎ ሲጠይቃት እንኳ «ባል አለኝ» ብላ ነው የመለሰችው።

«ቶርኪልን ትናንት አየሁት» አሉ ሰማንያ ስምንት ዓመት ያለፋቸው ኤፊ፣ ሻያቸውን እያማሰሉ።

ሰዉ ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ።

«እማማ ኤፊ፣ ትናንትማ እዚሁ ሣጥኑ ውስጥ ነበር» አለች ማርሳሊ ቀስ ብላ።

«እሱን መች አጣሁት! በመስኮቴ ነው ያየሁት። ያቺን ቀኝ እግሩን እየጎተተ የረግረጉን መንገድ ይዞ ይሄዳል። ብቻውንም አልነበረም።»

«እማማ፣ ከየትኛው ጠርሙስ ነው የቀመሱት?» አለ አንዱ፣ ሰዉን ሊያስቅ ፈልጎ።

«ከናንተው ውስኪ ቢሆንማ ምንም ባላየሁ፤ ግማሹ ውኃ ነው!» አሉት። ከዚያ ወደ ማርሳሊ ጠጋ ብለው፣ «ከጎኑ ያለው ሰውዬ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሮ ነበር፣ ልጄ። አልለየሁትም» አሏት።

የቶርኪል የቅርብ ጓደኛ ሩሪ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። ይህን ሲሰማ ብርጭቆውን አስቀምጦ ወጣ።

ቶርኪል በወር አንድ ጊዜ ወደ ነጩ ወሽመጥ ይሄድ ነበር። ሁልጊዜ «የጠፋች በግ አለች» ይላል። ማርሳሊ አንድ ቀን አብሬህ ልሂድ ስትለው፣ በዕድሜው አንዴ እንኳ ተቆጥቷት የማያውቀው ሰው፣ «እዚያ እግርሽ እንዳይደርስ!» ብሎ ጮኸባት። ይህ ትዝ ሲላት ካፖርቷን አንሥታ በጓሮ በር ወጣች።

መንገዱን እግሯ ያወቀው ይመስል ነበር። ረግረጉ ላይ አንድ ወፍ እንኳ አልጮኸም። ከመጨረሻው ኮረብታ ላይ ስትደርስ ወሽመጡ ከሥሯ ተዘረጋ፤ ባሕሩ ገና መሸሹ ስለነበር አሸዋው ያብለጨልጫል። ከአሸዋው ጉብታዎች ኋላ፣ ሣር በበቀለበት ሥፍራ፣ ዙሪያውን በነጫጭ ድንጋይ የታጠረ አንድ መደብ አየች። ሣሩ በቅርቡ ታጭዷል። በራስጌው በኩል የቆመችው ሳንቃ ላይ የባሏ ስምና የጠፋበት ዓመት በቢላዋ ተቀርጿል። የእጅ ጽሑፉን አወቀችው፤ የቶርኪል ነበር።

ዘፍ ብላ ተቀመጠች።

ቀና ስትል ነው ዱካውን ያየችው። ከመቃብሩ ተነሥቶ ወደ ባሕሩ ይወርዳል፤ የሁለት ሰው ዱካ ነው፣ ጎን ለጎን። አንዱ ቦት ጫማ ያደረገ ሲሆን ቀኝ እግሩ አሸዋውን እየሰነጠቀ ተጎትቷል። ሌላው ባዶ እግሩን ነው። ባሕሩ ከሸሸ አንድ ሰዓት አይሞላውም፤ ዱካው ከዚያ ወዲህ የተረገጠ ነው። እየተከተለች ውኃው ዳር ደረሰች። የመመለሻ ዱካ አልነበረም።

ነፋሱ ቆመ። ከውኃው በኩል የሁለት ወንዶች ወሬ ተሰማት፤ መረብ እየጠገኑ እንደሚያወሩ ሰዎች ዝቅ ያለ፣ የተረጋጋ። ቃሉ አይለይም። ማንም ግን አይታይም።

«ፊንሌይ?» አለች።

ወሬው ድንገት ተቋረጠ። ስሟን ሊጠሩ ነው የሚል ፍርሃት ውርር አደረጋትና ዞራ ሮጠች። ኮረብታው አናት እስክትደርስ ወደ ኋላዋ አላየችም።

ሩሪ ከቤቷ ጓሮ፣ ለማገዶ በደረቀው የረግረግ አፈር ክምር አጠገብ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ጫማዋ ላይ ያለውን ነጭ አሸዋ አየና ገባው።

«ታውቅ ነበር» አለችው።

«አብረን ነው የቀበርነው። በዘጠነኛው ቀን ባሕሩ አወጣው። ማርሳሊ፣ ፊት አልነበረውም። ኡና በሆድሽ ሰባት ወሯ ነበር፤ የመጀመሪያውን ልጅ አጥተሻል። ‹ይህን ካየች ሁለቱንም አጣቸዋለሁ› አለ ቶርኪል። እስክትወልጂ ብለን ነበር።»

«ከወለድኩ በኋላስ?»

«ከዚያማ ፋኖሱን ጀመርሽ። ባየው ቁጥር አንደበቱ ይታሰራል። በየዓመቱ እየባሰ ሄደ።»

«በእጁ ጋዙን እየሞላልኝ! ወጣትነቴን መስኮት ላይ ስፈጅ ቁጭ ብሎ እያየኝ!»

ሩሪ አንገቱን ደፋ። «ዱካ አለ» አለችው ማርሳሊ። «የሁለት ሰው። አንደኛው የሱ ነው። ሌላኛው ባዶ እግሩን ነው።»

ሽማግሌው የክምሩን ጫፍ ያዘ። «ባዶ እግሩን አልሽ?»

«ምነው?»

«ጫማውን ባሕሩ ወስዶት ነበር። ቶርኪል የራሱን ሊያጠልቅለት ሞከረ፣ እግሩ አብጦ እምቢ አለ። በባዶ እግሩ ነው የቀበርነው። ይህን ከኔና ከሱ በቀር ማንም አያውቅም።»

ያን ምሽት መዝሙረ ዳዊት ሲዘመር ሩሪ ሬሳው ካለበት ክፍል አልገባም። ማርሳሊም አልገባችም። ማድ ቤት ተቀምጣ፣ ኡና አባብላ ልታስነሣት ብትሞክር «ተዪኝ፤ እሱን ማየት አልፈልግም» አለቻት። ከዚያ ግን ሁሉንም ነገረቻት። ኡና «መዋኘት ያስተማረኝ እሱ ነው፤ እጄን አንዴም ለቆኝ አያውቅም» ብላ አለቀሰች።

በሦስተኛው ቀን ሌሊቱን ሲጥል ያደረው ዝናብ አባራ። በዚያ መንደር ሴቶች ከመቃብሩ ቦታ አጥር አያልፉም፤ ሬሳውን ወንዶች ተሸክመው ይገባሉ፣ ሣጥኑን ወደ ጉድጓዱ የሚያወርዱትን ስምንት ገመዶች የሚይዙትም እነሱ ናቸው። ቄሱ ገመዶቹን በስም አደላደለ። የራስጌው ገመድ የሚሰጠው ለቅርብ ዘመድ ነው፤ ወንድ ዘመድ ስለሌለ ግን ጓደኛውን «ሩሪ» ብሎ ጠራ።

«የኔ ነው» አለች ማርሳሊ።

አጥሩን አልፋ ገብታለች። ወንዶቹ ተያዩ። ሩሪ ገመዱን አቀበላት። ክብደቱ ትከሻዋን ጎተተው፤ እየለቀቀች፣ እየለቀቀች አወረደችው። ሣጥኑ መሬት ሲነካ ሰባቱ ሰዎች የገመዳቸውን ጫፍ ወደ ጉድጓዱ ጣሉ።

የሷ ብቻ በእጇ ቀረ፤ ሁለት ዙር ጠምጥማዋለች።

«በቃ ልቀቂው፣ እህቴ» አለ ሩሪ በጆሮዋ።

«ቆይ» አለች። «ቆይ፣ ትንሽ።»

ቄሱ መጽሐፉን አጠፈ። ሰዉ ሁሉ ባርኔጣውን እንደያዘ ቆሞ ጠበቃት።