ሰባት ቁጥር ጠርሙስ

ላብራቶሪው ውስጥ ብልቃጥ ሳጥብ ስድስት ዓመቴ ነው። ማንበብ የጀመርኩት ግን ዘንድሮ ነው፤ የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ። ስለዚህ ኃላፊያችን «ከእንግዲህ የወረቀት ደብተር የለም፤ ሁሉም በኮምፒውተር መዝገብ ይጽፋል» ስትል ክው አልኩ። አሠራሩን የምንማረው በእንቆቅልሽ ጨዋታ ነው ተባለ። እስከ ዓርብ ጨዋታውን ያልጨረሰ ሰው ካርዱ በሩን አይከፍትለትም። በሩ ካልተከፈተልኝ ደግሞ ሥራዬ አበቃ።

አራቱን እንቆቅልሽ በጣቴ ፊደል እየተከተልኩ አለፍኩ። አምስተኛው «ሰባት ቁጥር ጠርሙስ ጠፍቷል። ፈልገው ያለበትን ቦታ ይመዝግቡ» ይላል።

በእኔ ጊዜ ዕቃ ሊጠፋ! ሁለት ቀን ሙሉ ፍሪጁን፣ መደርደሪያውን፣ የቆሻሻ ቅርጫቱን ሳይቀር በረበርኩ።

«እማዬ፣ ጨዋታ እኮ ነው!» አለች ልጄ እየሳቀች።

«ጨዋታማ ቢሆን ከሥራ አያስወጣም ነበር» አልኳት።

ዓርብ ሲደርስ የጠፋውን ልተካ ብዬ ንጹሕ ጠርሙስ ውኃ ሞላሁ፤ ሰባት ጻፍኩባትና ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥኳት። ኮምፒውተሩ ጠባቂዋ ማን እንደሆነ ሲጠይቀኝ ስሜን ጻፍኩ። ውስጧ ምን አለ ሲለኝ፣ በጠፋው ውስጥ ምን እንደነበር ስለማላውቅ «አላውቅም» አልኩ። መነጽር የምንለው ኬሚስት ቀና እንኳ ሳይል በምስክርነት ፈረመልኝ።

ለካ የጻፍኩት በጨዋታው ላይ ሳይሆን በዋናው መዝገብ ላይ ነው።

ሰኞ ካርዴ በሩን አልከፍት አለ። በመስታወቱ ሳይ ውስጥ ትርምስ ነው። ኮምፒውተሩ ሁሉ ቀይ ለብሶ ይጮኻል፤ ሰባት ቁጥር በየቀኑ በጠባቂዋ መታየት ሲገባት አልታየችም ይላል።

«ሰርዟት!» ትላለች ኃላፊዋ።

«የተፈረመ አይሰረዝም» አለ መነጽር።

«እንግዲያው ድፏት!»

«ምን እንዳለባት ሳናውቅ?»

«ለመሆኑ ማነው የመሰከረው?»

መነጽር መነጽሩን አውልቆ መወልወል ጀመረ።

በሩን ከፈቱልኝ። «ውኃ እኮ ነው፤ የሞላሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

«እማማ፣ እሱ የቃል ወሬ ነው» አለኝ መነጽር፣ ከፍሪጁ ሦስት እርምጃ ርቆ ቆሞ። «መዝገቡ አይታወቅም ነው የሚለው። ይልቅ ቶሎ ይዩልን!»

አይቼ «ደህና ናት» ብዬ ጻፍኩ። ጩኸቱ ቆመ። ኃላፊዋም ካርዴ በየቀኑ በሩን እንዲከፍት አዘዘች።

አምስተኛውን እንቆቅልሽ እስከ ዛሬ አልፈታሁትም። የጠየቀኝም የለም። ባለፈው እሁድ ጫማዬን ሳጠልቅ ልጄ «ወዴት ነው?» አለችኝ።

«አየት አድርጌያት ልምጣ። ብቻዋን ስትውል ሆዴ አይችልም።»

«እማዬ! ውኃ እኮ ናት!»

«መዝገቡ እንደሱ አይልም» ብያት ወጣሁ።