የዱባው ፍቅፋቂ

ጣባው እንደሄደ ተመለሰ። ከቀብሩ ማግስት ጀምረው የለቅሶ ቤቱን ማጀት የያዙት ጎረቤቲቱ እትዬ ወርቅውሃ፣ እንጀራው ሳይቆረስ ወጡ ሳይነካ ከጓዳ ይዘውት ወጡና በተቀመጠው ሰው መሀል ሲያልፉ፣ «ልጆቹ ዛሬም አልቀመሱም» አሉ፤ ለማንም ሳይሆን ለሁሉም።

ገብረ መድኅን ቀና ብሎ አላየም። ጋቢውን አዘቅዝቆ እንደለበሰ፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ጉዝጓዙ ላይ ተቀምጧል። ሚስቱን ሙላቷን ንዳድ ከነጠቀው ወዲህ ሰው ሲገባ መነሳት፣ ሰው ሲወጣ መነሳት፣ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ሲባል «አሜን» ማለት ነው ሥራው። አሁንማ ሰዉ ተናግሮ ሳይጨርስ «አሜን» ማለት ጀምሯል። አናጢ ነው፤ ድካምን የማያውቅ ሰው አይደለም። ግን ቀኑን ሙሉ ጣውላ ሲልግ ውሎ የሚደክመው ክንዱ ነበር። ይኸኛው ድካም የት ቦታ እንደተቀመጠ እንኳ ለይቶ ማወቅ አቅቶታል። ማልቀሱ ራሱ ታክቶታል።

«እኔ የምለው ያንኑ ነው» አለች ሻሽቱ። የሙላቷ ታላቅ እህት ናት፤ መርዶው ከመቱ ብዙም በማትርቀው በቡሬ ሲደርሳት በበቅሎ ገስግሳ የመጣች። በሹክሹክታ የምታወራ እየመሰላት ግቢው በሙሉ የሚሰማት ሴት ናት። «ሰልስቷም ወጣ። ነገ ጠዋት ልጆቹን ይዤ ቡሬ እሄዳለሁ። ሁለት ሴት ልጆች እዚህ በረሃብ ሲያልቁ ቁጭ ብዬ አላይም።»

«ልጆቼ ናቸው፣ እትዬ ሻሽቱ» አለ ገብረ መድኅን። ከጠዋት ጀምሮ ከአሜን ሌላ ከአፉ የወጣው ቃል ይኸ ብቻ ነበር።

«አይደሉም ያለህ አለ? ግን ምን ልታበላቸው ነው? ማጀትህ ውስጥ ጨው የት እንደሚቀመጥ እንኳ ታውቃለህ? አንተ የምታውቀው ጣውላ ነው። ጣውላ ደግሞ አይርበውም።»

አንዳንዱ ለቀስተኛ ፈገግ ሊል ቃጣውና ሐዘን ቤት መሆኑ ትዝ ሲለው አፉን በጋቢው ሸፈነ። ገብረ መድኅን ሴት ለማጀት፣ ወንድ ለችሎት እየተባለ ያደገ ሰው ነው። እውነትም ጨው የት እንደሚቀመጥ አያውቅም።

ሁለቱ ልጆች ጓዳ ናቸው። ትልቋ ዘውደነሽ ጥርሷን መንቀል የጀመረች፣ ትንሿ ኡርጌ ገና አፏን በቅጡ ያልፈታች። ሴቶቹ አልጨከኑባቸውም፤ ያለውን ያቀርቡላቸዋል። ችግሩ ያለው ወጡ ነው። ያን ሁሉ ለቀስተኛ ለማብላት የሚሠራው ወጥ በበርበሬ የቀላ ነው፤ ኡርጌ ገና ሽታው ሲደርሳት ፊቷን ታዞራለች። ታናሿ ካልበላች ደግሞ ትልቋም አትበላም።

ሙላቷን ያገኛት በጣልያን ጊዜ ያዮ ጫካ ውስጥ ነበር። እሱ የአርበኞቹን የጠመንጃ ሰደፍ የሚጠግን ጎረምሳ፣ እሷ ቤታቸው ተቃጥሎባቸው ከእናቷና ከእህቷ ጋር የሸሸች ልጃገረድ። እህል ባለቀበት በዚያ ጥቅምት፣ ባለቤቱ ጥሎት ከሄደው ማሳ ዱባ አዝላ እየመጣች ረመጥ ውስጥ ትቀብረው ነበር። ሲበስል ባለጠመንጃው ሁሉ እጁን ይዘረጋል። እሷ የተዘረጋውን እጅ በእንጨት መታ ታደርግና «መጀመሪያ ሕፃናት» ትላለች። ከሕፃናት ቀጥሎ ቁስለኛ፣ ከቁስለኛ ቀጥሎ ሽማግሌ፣ ጎረምሳ በመጨረሻ። አንድ ግራዝማች እንኳ ጢሙን እየፈተለ ተራውን ሲጠብቅ ገብረ መድኅን በዓይኑ አይቷል። የዚያን ቀን ነው ልቡ የሄደው።

ጣልያን ወጥቶ ሊያገባት ሲነሳ ከሸዋ የመጡ ዘመዶቹ «ወገናችን አይደለችም» ብለው አኮረፉ። «ዱባና ቅል፣ አበቃቀሉ ለየቅል» አሉት። እሷ ሰምታ ሳቀች። «እንግዲያ ዱባዋ እኔ ነኝ፤ ቅሉን እናንተው ተካፈሉት» አለችና መቱ ላይ ጎጆ ወጡ።

ዱባ ከእጇ ጠፍቶ አያውቅም። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሐረጉ አጥሩን ይዞ፣ ከአጥሩ ወደ ገብረ መድኅን የሥራ ዳስ ጣሪያ ይወጣል። ጽጌ ጾም ሲገባ ፍሬው ይደርሳል። ያኔ ሙላቷ በአንድ ድስት የቤቱን ሰው ሁሉ ታበላለች። ሽንኩርቱን በውሃ ብቻ ታበስልና ዱባውን ትጨምራለች፤ ሲለሰልስ የልጆቹን ታወጣለች፤ በወተት ታሽላቸዋለች። ቀጥላ በርበሬውንና የኑግ ዘይቱን ትጨምርና ጽጌን ለሚጾሙት ለነእትዬ ወርቅውሃ ታወጣለች። በመጨረሻ ቅቤና ኮረሪማ ገብቶበት ለባሏና ለእንግዳው። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ቤቱ ተዛባ ማለት ነው፤ በርበሬ ከቀደመ ልጅ አይበላውም፣ ቅቤ ከቀደመ ጿሚ አይነካውም። የያዮ ረመጥ ወደ መቱ ምድጃ ተዛውሮ ነበር እንጂ ሕጉ ያው ነበር።

ማታ ላይ የሴቶቹ ወሬ በጭቃው ግድግዳ አልፎ ደረሰው።

«አንድ ቀን እንደ ሰው ተቀምጣ ስትበላ አይቻት አላውቅም» ይላሉ እትዬ ወርቅውሃ። «ለዚያም ለዚህም አውጥታ አውጥታ፣ ራሷ ቆማ የድስቱን ፍቅፋቂ። ምን በላች? እንዲያው ሳይደላት ሄደች፣ የኔ ምስኪን።»

ገብረ መድኅን ዓይኑን ጨፈነ። ያንን ድምፅ ያውቀዋል፤ እሱ ራሱ ጠርቦ በሰጣት የእንጨት ማንኪያ የድስቱን ሥር ስትፍቅ የሚሰማውን። ጀርባዋን ሰጥታው ትቆማለች። «ለአንቺስ?» ሲላት «እኔ የምወደው ፍቅፋቂውን ነው» ትላለች። እሱም ያምናት ነበር፤ ማመኑ ስለሚቀለው ይሆናል ያመናት። የእትዬ ወርቅውሃ ቃል ደረቱ ላይ ቁጭ አለበት። ስንት ዓመት ሙሉ ሥጋውን እሱ በልቶ ያረረውን ለእሷ ሲተው የኖረ መሰለውና በራሱ አፈረ።

ሲነጋ የሻሽቱ በቅሎ ደጅ ላይ ትጫን ጀመር። ዘውደነሽ የእህቷን ቀሚስ በእናቷ ነጠላ ቋጥራ በሩ ሥር ቆማለች። አላለቀሰችም። ይኸ ነው የባሰበት፤ የምታለቅስ ልጅ ቢያባብሏት ዝም ትላለች። ኡርጌ መሬት ተቀምጣ ጉዝጓዙን ትነቅላለች። ገብረ መድኅን አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«ኡርጌ፣ ምን ልስጥሽ?»

«የእማዬን ዱባ» አለች ልጅቷ።

ተነሳ። ሐዘንተኛ ከተቀመጠበት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ ሰው ሁሉ በዓይኑ ተከተለው። ዳሱ ጣሪያ ላይ ወጣ። ሙላቷ ሳትታመም በፊት «አውርድልኝ» ብላው፣ እሱ «ነገ» ያላት ዱባ ቅጠሉ ደርቆበት ብቻውን ተቀምጧል። አቅፎ አወረደው። ከዳሱ መጋዙን አነሳና ጋቢውን እንዳዘቀዘቀ ማጀት ገባ።

«በስመ አብ!» አሉ እትዬ ወርቅውሃ። «ምን ልትሠራ ነው ልጄ?»

«ዱባ ልሠራ ነው።»

«በመጋዝ?»

«ሌላ ነገር መያዝ አላውቅም፣ እትዬ ወርቅውሃ።»

«ሐዘን ናላውን አዞረው» አለች አንዷ፤ ሌላዋ በክርን ጎሰመቻት። ገብረ መድኅን ዱባውን በጉልበቱ መሀል ይዞ በመጋዝ ለሁለት ገመሰው፤ ፍሬው ጉልበቱ ላይ ተዘረገፈ። ልጦ ሲከትፈው ቁራጩ ሁሉ እንደ ጣውላ እኩል እኩል ሆነ። ሽንኩርቱ ዓይኑን አቃጠለውና እንባው ወረደ። ሴቶቹ ሐዘን ነው ብለው አንገታቸውን ደፉ። ሁለቱም ነበር።

ሻሽቱ በሩን ተደግፋ ቆማለች። ለመሄድ ነጠላዋን አጥብቃ ታጥቃለች።

ዱባው ሲለሰልስ እትዬ ወርቅውሃ በርበሬውን ሊያቀብሉት እጃቸውን ሰደዱ።

«ቆይ» አላቸው። «መጀመሪያ ሕፃናት።»

ሻሽቱ ይኸን ስትሰማ ፊቷን ወደ ደጅ አዞረች።

የልጆቹን በጣባ አወጣ፤ ወተት ጨምሮ ጣቱ እየተቃጠለ አሸው። ኡርጌ እጇን ነክራ አፏ ከተተች። አላመጠች። አሰበች። ደግማ ነከረች። ዘውደነሽ ግን ቋጠሮዋን ሳትለቅ ቀመሰችና እናቷን የምትመስልበትን ፊት አመጣች።

«አባዬ፣ ጨው የለውም።»

ገብረ መድኅን ዙሪያውን ተመለከተ። ያ ሁሉ ዕቃ፣ ያ ሁሉ እንስራና ቅል በእጁ የሠራው መደርደሪያ ላይ ተደርድሯል፤ አንዱንም አያውቀውም። ወደ በሩ ዞረ።

«እትዬ ሻሽቱ፣ ጨው የት ነው የሚቀመጠው?»

ሴትዮዋ «አላልኩህም?» ብትለው የሚፈርድባት አልነበረም፤ እሱም ያንኑ ጠብቆ አንገቱን ደፋ። ሻሽቱ ገባች። እጇን ከምድጃው በላይ ዘረጋችና ጭስ ያጠቆራትን አንዲት ትንሽ ቅል ከተሰቀለችበት አወረደች።

«እዚህ ነው» አለችው። «እናታችን ቤትም እዚሁ ነበር። እሳት አጠገብ ካልሆነ የመቱ ዝናብ ጨው አያስቀምጥም።» ቆንጠር አድርጋ መዳፉ ላይ አኖረችለት። «ለዚህ ይኸ ይበቃል። ብዙ ከጨመርክ ወተቱን ያበላሽብሃል።»

ዘውደነሽ ቋጠሮውን መሬት አስቀምጣ ከእህቷ ጎን ተቀመጠች።

ሻሽቱ ልጆቹ ሲበሉ ቆማ ስታይ ቆየችና ወደ ደጅ ተጣራች። «በቅሎዋን አራግፏት!» ከዚያ ወደ እሱ ዞራ፣ «አትኩራ። እስከ አርባዋ ይቆዩ ነው ያልኩት። እኔም እዚሁ ነኝ። ለአርባዋ አይቼ እፈርዳለሁ» አለችው።

«እሺ» አለ። «አሜን» ሊል ነበር።

በርበሬውና ኑጉ ገባ፣ የጿሚዎቹ ወጣ። ቅቤው ገባ፣ የሌሎቹ ወጣ። ኮረሪማውን ረስቶት ነበር፤ ማንም ምንም አላለውም። ሴቶቹ ጣባውን እየያዙ ወደ ለቀስተኛው ሲወጡ ማጀቱ ውስጥ እሱና ሻሽቱ፣ ምድጃው ላይም ባዶው ድስት ቀረ። ባዶ አልነበረም። ሥሩን እሳቱ ይዞት ጠቁሯል።

ማንኪያውን አነሳና ፋቀ። ያ ድምፅ ነው። ቆሞ፣ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ፣ እሬት እንደሚውጥ ሰው ፊቱን አጨፍግጎ አፉ ከተተው። የሙላቷን የዕድሜ ልክ ምሬት ሊቀምስ ነበር የተዘጋጀው።

አልመረረም። የዱባው ስኳር ከቅቤው ጋር ሥር ወርዶ፣ ተንጨርጭሮ እንደ ማር ሆኗል። ከድስቱ ሁሉ የሚጣፍጠው እሱ ነበር።

«ጣፈጠህ?» አለች ሻሽቱ ከኋላው። «ልጅ ሆነን በእሱ ነበር የምንቧቀሰው። ሁልጊዜ የምታሸንፈው ግን እሷ ናት። ‹እኔ ላውጣላችሁ› ትላለች፣ ሁሉን አውጥታ ታድልና ምርጡን ለራሷ ታስቀራለች። ያ ዋቃ፣ አምላኬ፣ ተንኮለኛ ነበረች!»

ገብረ መድኅን ሳቀ። ሐዘን ከገባ ጀምሮ የመጀመሪያው ሳቁ ነበር፤ አጋማሹ ላይ ድምፁ ተሰበረና ምድጃውን ይዞ አለቀሰ። ሳይታክተው አለቀሰ። ሙላቷ አልዋሸችውም። እሱ ቤት የኖረችው ተርባ አልነበረም።

ደግሞ ፋቀና ቀመሰ። ከዚያ ማንኪያውን አቆመ። ከፍቅፋቂው ግማሽ ያህል ገና ሥሩ ላይ ነበር። ክዳኑን አምጥቶ ድስቱን ከደነውና፣ አምሽቶ ለሚገባ ሰው እንደሚደረገው፣ እንዳይቀዘቅዝ ወደ ረመጡ አስጠጋው።