መሪውን የለቀቅኩ ቀን

ልጄ ለዘመድ ለወዳጅ ሁሉ «እማዬ ናት ከሞት ያወጣችኝ» እያለች ማውራት ከጀመረች ወር ሞላት። እኔ በሰማሁ ቁጥር ፊቴ ይቀላል። ትሕትና የመሰላቸው አሉ። ምን ትሕትና! ውሸታም መሆኔን የማውቀው እኔ ብቻ ስለሆንኩ ነው።

ያን ቀን ቤታችንን ከሰማይ ላሳያት ብዬ በትንሿ ባለ ሁለት ወንበር አውሮፕላን አጠገቤ አስቀምጫታለሁ። ከፍታችን ደህና ነበር። ጋዙን ስቤ፣ የሞተሩን ኃይል ቀንሼ ዝግ አልኩና፣ ፍጥነቴ መሞቱን ሳላስተውል የቤታችንን ጣራ ፍለጋ ታጠፍኩ። አንዱ ክንፍ ከዳኝ። አፍንጫዋ ወደ መሬት ተደፋ፣ ምድሩ እንደ እንዝርት ይሾር ጀመር። አብራሪዎች «ስፒን» የሚሉት ይህን ነው። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሁለቱም እጆቼ የልጄ ደረት ላይ ነበሩ። መሪውን ጥዬ ልጄን ያዝኩ። ቀና ስል አውሮፕላኗ ቀጥ ብላ እየበረረች ነው። ማን አቀናት? ባስብ ባሰላስል አልገባ አለኝ።

ልጄ ደግሞ «እሑድ እንደገና ውሰጂኝ» ብላ ወጥራ ያዘችኝ። እምቢ የምልበት ምክንያት አልነበረኝም፣ እሺ የምልበት ድፍረትም። በመጨረሻ የበረራ ክበባችንን ሽማግሌ አሠልጣኝ «ጋሼ፣ ከስፒን መውጣት ያስተምሩኝ» አልኳቸው።

«አስተምርሻለሁ» አሉኝ። «ግን አውሮፕላኗን በራስሽ እግር ከስፒን ካላወጣሻት ልጅሽን ይዘሽ አትበሪም። ተስማማን?»

ተስማማን።

ቅዳሜ ጠዋት ነጩ ሰሌዳ ላይ ጻፉልኝ። ጋዝ መሳብ፣ መሪውን መሃል መያዝ፣ ምድሩ ወደሚሮጥበት ጎን ያለውን ፔዳል እስከ ጥግ መርገጥ፣ ከዚያ መሪውን ወደ ፊት መግፋት። ይሄን ሕፃን ልጅም ይሠራዋል፣ አልኩ በልቤ። ልጄ በክበቡ ካፌ መስኮት እጇን እያውለበለበች ሸኘችን።

ሰማይ ላይ ወጥተን አሠልጣኙ ያችኑ አውሮፕላን ወደ ስፒን ከተቱልኝ። ምድሩ ወደ ቀኝ ይሮጣል፤ በደንብ አየሁት። እግሬ ግን የግራውን ረገጠ። መሾሩ ባሰበት።

«ሌላኛውን! ሌላኛውን እግር!» ጮኹና ራሳቸው አወጧት።

ሁለተኛም ሞከርን። እንደገና ምድሩ ወደ ቀኝ፣ እኔ የግራውን። እግሬ የሌላ ሰው እግር መሰለኝ። ላለቅስ ደረስኩ።

«ዶክተር» አሉ ላባቸውን እየጠረጉ፣ «የምን ሐኪም ነበርሽ?»

«የጥርስ።»

«የኋላ ጥርስ ስትሠሪ ምን ታያለሽ?»

«መስታወት» አልኩ፤ ወዲያው ክው አልኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በሰው አፍ ውስጥ፣ ሳንቲም በምታክል መስታወት እያየሁ ሠርቻለሁ። ዓይኔ ያየውን እጄ ገልብጦ ነው የሚሠራው፤ አስቤው አላውቅም። ለካ እግሬም ሳይነገረው ተምሯል።

«በይ አሁን እጅሽን ጭንሽ ላይ አድርጊ። እግርሽንም አንሺ» አሉኝ፣ ሦስተኛውን ሊጀምሩ።

«ልንሞት ነው?»

«ዝም ብለሽ ቁጠሪ።»

አፍንጫዋ ተደፋ። አንድ፣ ሁለት እያልኩ ስቆጥር፣ ማንም ሳይነካት መሾሯን ተወች። አሠልጣኙ በቀስታ ቀና አደረጓት።

«ይቺ ገር ናት። ጋዟ ከተሳበና ካልነካኳት አብዛኛውን ጊዜ ራሷ ትወጣለች። ሌላ አውሮፕላን ላይ እንዳትሞክሪው ታዲያ!»

እኔ መስማት አቁሜ ነበር። ያን ቀን እንደ ደህና አብራሪ ቦታዬ ላይ ጸንቼ ቢሆን ኖሮ ይሄ እግሬ የተሳሳተውን ፔዳል ይረግጥ ነበር፤ እኔም ልጄም አፈር ነበርን። ያዳነን ያፈርኩበት ነገር ነው። ደስ ይበለኝ ወይስ ልደንግጥ? ሁለቱም አንድ ላይ መጡብኝና ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። ሽማግሌው አውሮፕላኗን መልሰው ከፍ አደረጓት።

«እንደገና እንሞክር» አሉ።

ሞከርን። እግሬ ትንሽ አመነታ፣ ከዚያ የግራውን ረገጠ።

«የእሑዱ ቀርቷል» አሉኝ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ነይ። የመስታወቱ ልማድ እስኪለቅሽ ድረስ።»

ልጄ አጥሩ ጋ ጠበቀችኝ። «እሺስ? እሑድ እንሄዳለን?»

«አንሄድም። ስሚኝ» አልኳት። «ያን ቀን ያወጣሁሽ እኔ አይደለሁም። መሪውን ለቅቄ ነበር። ራሷ ናት የወጣችው።»

«አውቃለሁ።»

«ምን?»

«መሪውን መልቀቅሽን አውቃለሁ፣ እማዬ።»

«ታዲያ ለሰው ሁሉ ምን እያልሽ ነው የምታወሪው!» ጮህኩባት።

ልጄ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«የዐሥር ጣትሽ ምልክት እዚህ ጋ ሳምንት ሙሉ በልዞ ነበር» አለችኝ። «ማን አወጣኝ ልበል ታዲያ?»