በሱዳን ሲም የወረደ ታሪክ

የታሪክ መምህርቷ ፋናዬ የመተማን ኔትወርክ የረገመችውን ያህል ሰይጣንን ረግማ አታውቅም። በድሮ ዘመን በገዛ ከተማቸው ከሱዳኖች ጋር ስለተደረገው ጦርነት የሚያሳይ ፊልም ከኢንተርኔት አውርጄ አሳያችኋለሁ ብላ ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቿ ቃል ገብታለች። መጽሐፉ እንደሆነ በአንድ መስመር ነው የሚያልፈው። ሰሊጡ ደግሞ ደርሷል። ዛሬ ነገ ሳይሉ ልጆቹ በአይሱዙ ተጭነው ለአጨዳ ወደ ኮኪት ይሄዳሉ፤ ግማሾቹ በዚያው ይቀራሉ። ታሪክ የሌላ ሰው ጉዳይ እንደሆነ አምነው እንዲሄዱባት አልፈለገችም።

ገጹ ግን ይሽከረከራል እንጂ አይከፈትም። ቢቸግራት የመተማ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረገች፤ የሱዳን ሲም አስገብታ፣ በዚያ ሐሩር ድንበሩ ላይ ባለው ኬላ አጠገብ ዣንጥላዋን ዘርግታ ቆመች። ፊልሙ ሰተት ብሎ ወረደ። የላፕቶፑን ባትሪ ለመቆጠብ ስትል ከፍታ እንኳ ሳታየው ክፍል ገባች።

ፊልሙ ሲጀምር ተናጋሪው በዐረብኛ ማውራት ያዘ። ፋናዬ ክው አለች። በሱዳን ሲም ስለገባች ድረ ገጹ ሱዳን ያለች መስሎት ለዚያ አገር ተማሪ የተዘጋጀውን ሰጥቷታል። እሷ የደንቢያ ልጅ፣ ዐረብኛ ከየት ታምጣ? አባቷ ድንበር ተሻግሮ ሱዳን፣ ገላባት እየተመላለሰ የሚነግደውን መጂዳን "እስኪ ተነሽና ተርጉሚልን" አለቻት።

መጂዳ ጥቂት አዳምጣ አንገቷን ደፋች።

"ይቅርብኝ ቲቸር።"

"ምን ችግር አለው? የሚለውን ብቻ ንገሪን።"

"ያሸነፍነው እኛ ነን ነው የሚለው።"

ክፍሉ በሙሉ ዞሮ መጂዳን አያት።

"እሷማ ደስ ይላታል" አለ ዋሴ ከኋላ ወንበር፤ ሁሉም ሳቁ። ፋናዬ ተቆጣች። ያኛውም ወገን የራሱን ታሪክ በራሱ አፍ እንደሚያወራ ልታስረዳ ስትጀምር ደወል ተደወለ፤ ከዚያ በኋላ ማን ይስማት? ከዋሴ ይልቅ በራሷ ነደደች። ልጅቷን ከመቀመጫዋ ያስነሣቻት እሷው ናት።

በማግስቱ እነዋሴ ያንን ሳቅ ይዘው ኮኪት ወርደዋል። ክፍሉ ወና ሆኗል። ፋናዬ የአገሯን ሲም መልሳ አስገብታ የአማርኛውን ፊልም ትፈልጋለች፤ ገጹ ከጠዋት ጀምሮ ይሽከረከራል። ፊት ለፊቷ መጂዳ ለብቻዋ ተቀምጣለች።

"ቲቸር፣ የኛውን አወረዱት?"

"እየሞከርኩ ነው" አለች ፋናዬ። ቀና ብላ ልታያት አልቻለችም።