ምንም የማትነካው እጥፋት

ዶክተር ዓምደሚካኤል የዓይናቸውን ነገር ለሰው ያወሩት ዘግይተው ነው። የቆየ የስኳር ሕመም ነበረባቸው። መጀመሪያ የሰሌዳው ጽሑፍ ደበዘዘባቸው፣ ቀጥሎ የኮምፒውተሩ ፊደል፣ በመጨረሻም የሰው መልክ። በ2006 ዓ.ም. የሁለተኛው መንፈቅ ትምህርት ሲጀመር፣ ጠዋት ጠዋት ሶዶ ወዳለው ዩኒቨርሲቲ የሚወስዳቸውን የባጃጅ ሹፌር እንኳ በድምፁ ካልሆነ አይለዩትም ነበር።

የማስተርስ ተማሪያቸው ሳምራ ይህን የሰማችው ከሌላ ሰው ነው። የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ አስጠርታ፣ "አማካሪሽ ሌላ ሰው ይመደብላት ብለው አመልክተዋል፤ ማንን ትፈልጊያለሽ?" አለቻት። ሳምራ የማንንም ስም አልጠራችም። ከዚያው ተነሥታ ወደ ዶክተሩ ቤት ሄደች።

በር የከፈቱላት ባለቤታቸው እትዬ ፈጠነች ናቸው። የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የዳንቴል ክር ከእጃቸው አይለይም። ዶክተሩ ሳሎን ተቀምጠው ሬዲዮ ያዳምጣሉ።

"ሳምራ ነኝ፣ ዶክተር።"

"ከአረማመድሽ አውቄሻለሁ። ተቀመጪ።"

"ሌላ አማካሪ አልፈልግም። እሱን ልነግርዎ ነው የመጣሁት።"

ዶክተሩ ሬዲዮውን ቀነሱት። "ስሚኝ ሳምራ። ያንቺ ሥራ ሥዕል ነው። ስክሪን ላይ የሚዞር፣ የሚገለበጥ ሥዕል። እኔ ደግሞ ከእንግዲህ ሥዕል አላይም። በኔ ምክንያት እንድትጎጂ አልፈልግም።"

"እኔ እነግርዎታለሁ።"

"ምኑን ትነግሪኛለሽ? ያን ሁሉ የተጠላለፈ ነገር?"

እውነታቸውን ነበር። የወባ ተዋሲ በሰው ደም ውስጥ ሆኖ ስኳር እየሰባበረ የሚኖርበት አንድ ፕሮቲን አለ፤ ሳምራ የምታጠናው እሱን ነው። ፕሮቲን አሚኖ አሲዶች እንደ ዶቃ ተሰክተው የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ ታዲያ ተዘርግቶ አይኖርም፤ ይታጠፋል፣ ይጠቀለላል፣ በራሱ ላይ ይደራረባል። ያኔ በሰንሰለቱ ላይ በጣም የተራራቁ ሁለት አሚኖ አሲዶች ጎን ለጎን መጥተው ይነካካሉ። የፕሮቲኑን ቅርጽ አጽንቶ የሚይዘው ይህ ንክኪ ነው። ሳምራ የአቶሞቹን አቀማመጥ የያዘውን ፋይል ከኢንተርኔት አውርዳ፣ በመካከላቸው ያለውን ርቀት በፕሮግራም እየለካች፣ የትኛው አሚኖ አሲድ ከየትኛው ጋር እንደሚነካካ ትለይ ነበር።

ርዕሱን የመረጠችው እንዲያው አልነበረም። ቤተሰቧ ከሶዶ ወዲያ ካለችው ከገሱባ ከተማ ቁልቁል ቆላው ላይ ማሳ ነበረው። ታላቅ ወንድሟ መልካሙ ለአዝመራ ወርዶ በወባ ታመመና ሳይነሣ ቀረ። ይህን ለዶክተር ዓምደሚካኤል ነግራቸው ታውቃለች። እሳቸውም በሚቀጥለው ሳምንት ስለዚህ ፕሮቲን የሚያወሩ ጽሑፎች አትመው ሰጥተዋት ነበር። ሌላ አማካሪ አልፈልግም ያሰኛት አንዱ ይኸው ነው።

እትዬ ፈጠነች ከጓዳ ብቅ ብለው፣ "አንድ ወር ሞክራት እንጂ፤ ካልሆነ ያኔ ትተወዋለህ" አሉ።

ዶክተሩም እሺ አሉ።

ሙከራው ግን አልሰምር አለ። ሳምራ ከሰዓት በኋላ እየመጣች ውጤቱን ታነብላቸዋለች፤ ይህ ከዚያ ይነካል፣ ያ ደግሞ ከዚህ። ጥቂት እንደሄደች ዶክተሩ ግንባራቸውን ይይዛሉ። "ቆይ፣ ጠፋብኝ። ከመጀመሪያው ንገሪኝ።" ከመጀመሪያው ትነግራቸዋለች፤ እዚያው ቦታ ሲደርሱ ይጠፋባቸዋል። አንድ ቀን ግንባራቸውን ለቀው እጃቸውን ዘረጉ። "በእጄ ብይዘው ኖሮ" አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው።

ሳምራ ይህን ቃል ይዛ ወጣች። ከመናኸሪያው አጠገብ ካለ የግንባታ ዕቃ መሸጫ እንደልብ የሚታጠፍ ሽቦ ገዝታ፣ ከኮምፒውተሩ ልኬት እያየች ሰንሰለቱን ማጠፍ ጀመረች። እጇ ተላጠ። ሁለት ጊዜ አበላሽታ እንደገና ጀመረችው። በኋላ ሥራውን እነዶክተር ቤት አምጥታ፣ እትዬ ፈጠነች አንዱን ጫፍ ይይዙላት፣ እሷ ታጥፍ ጀመር። እያንዳንዱ አሚኖ አሲድ ያለበት ቦታ ላይ እትዬ ፈጠነች በዳንቴል ክር ቋጠሮ አደረጉ፤ ሁለቱ በሚነካኩበት ሁሉ ደግሞ ከቋጠሮ ቋጠሮ ክር ወጥረው አሰሩ። ሲያልቅ ሽቦው የወፍ ጎጆ መሰለ፤ መጠኑ የምጣድ አክምባሎ ያህላል።

"እንካ፣ የወባህን ነገር ያዘው" ብለው እትዬ ፈጠነች የባለቤታቸው ጭን ላይ አስቀመጡላቸው።

ዶክተር ዓምደሚካኤል ሽቦውን በሁለት እጃቸው ያዙት። ጣታቸው በሽቦው ላይ ቀስ እያለ ይሄዳል፤ ከቋጠሮ ወደ ክር፣ ከክር ወደ ሌላ ቋጠሮ። አንዳንዴ ይቆማሉ፣ ይመለሳሉ። ሳምራ ፊታቸውን ታያለች። ከብዙ ጊዜ በኋላ ክፍል ውስጥ ሲያስተምሩ የነበራቸው መልክ ተመልሶላቸዋል።

"እዚህ መሐሉ ላይ ጥቅጥቅ ብሏል" አሉ። "ጥሩ፤ እንዲያ ነው መሆን ያለበት። ይቺስ?"

ጣታቸው ወደ ውጭ ተቆልምማ የወጣች አንዲት እጥፋት ላይ ነበር። ክር አልታሰረባትም።

"እሷ ምንም አትነካም" አለች ሳምራ። "ባዶ አየር ላይ ነው ያለችው። ምናልባት ጥቅም የላትም ብዬ ጽፌያለሁ።"

"ይኸው ፕሮቲን በሌሎቹ ፍጥረታትስ? በሰው፣ በእርሾ?"

"እዚህ ቦታ ላይ ያለው አሚኖ አሲድ በሁሉም አንድ ነው። አልተለወጠም።"

"በሁሉም?"

"በሁሉም።"

ዶክተሩ እጥፋቷን በሁለት ጣታቸው ያዟት። "ጥቅም የሌለው ነገር በዚህ ሁሉ ዘመን ሳይለወጥ ይቆያል ብለሽ ታምኛለሽ?"

ሳምራ ጎንበስ ብላ እጥፋቷን እንደገና አየቻት።

"ካወረድሽው ፋይል ውስጥ ስንት ሰንሰለት ነበር?"

ያኔ ነገሩ ገባት። "ሁለት" አለች ቀስ ብላ። "ኮምፒውተሩ እየቆመ ሲያስቸግረኝ አንዱን አወጣሁት። ሁለቱ አንድ ዓይነት ስለሆኑ ያው ነው ብዬ።"

ሳምራ ተግሣጽ ጠበቀች። ፕሮቲኑ ሥራውን የሚሠራው ሁለቱ ሰንሰለቶች ተጣምረው ነው፤ የአንድ ዓመት ሥራዋ ግማሽ ፕሮቲን ላይ የተሠራ ነበር።

"ባለፈው ዓመት ይህንኑ ሥዕል ቢሮ አምጥተሽ አሳይተሽኝ ነበር" አሉ ዶክተሩ። "ያኔ በመጠኑም ቢሆን አይ ነበር። ጥሩ ነው ብዬ መለስኩልሽ። እያየሁት ነው ያለፈኝ። ዛሬ በጣቴ ባልነካው ኖሮ ሁለታችንም ተሳስተን እንቀር ነበር። ሂጂና ሁለተኛውን ሥሪው፤ ሽቦ ይተርፍሻል?"

ሁለተኛውን መሥራት ቀለለ። እጇ ለምዶ ነበር፤ እትዬ ፈጠነችም መንገዱን አውቀውታል። ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያስጠጓቸው ያቺ የተቆለመመች እጥፋት በሁለተኛው ሰንሰለት ጎድጓዳ ውስጥ ልክክ ብላ ገባች። የሁለተኛውም እጥፋት በመጀመሪያው ውስጥ። ዶክተሩ በመጋጠሚያው ላይ ጣታቸውን አመላለሱ፤ ሳምራም ፕሮግራሙን በሁለቱም ሰንሰለት ላይ እንደገና አስኬደችው። ባዶ በነበረው ቦታ ንክኪው ተደራርቦ ወጣ። በመጋጠሚያው ላይ እጥፋቷን ከሚነኩት አሚኖ አሲዶች አንዳንዶቹ ደግሞ በሰው ፕሮቲን ውስጥ ካሉት የተለዩ ነበሩ። ሰውን ሳይጎዳ የተዋሲውን ፕሮቲን ለሁለት የሚለይ መድኃኒት የሚፈልግ ሰው እዚያ ቦታ ላይ ቢጀምር ያዋጣዋል ማለት ነው።

ዶክተር ዓምደሚካኤል በማግስቱ ወደ ትምህርት ክፍሉ ሄደው ማመልከቻቸውን መልሰው ወሰዱ።

ሳምራ ጽሑፏን ያቀረበችው ክረምቱ ሲገባ ነው። ዶክተሩ በእትዬ ፈጠነች ተመርተው መጥተው የፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከአዲስ አበባ የመጡት ፈታኝ ብዙ ጠየቋት። በመጨረሻ ስለ መጋጠሚያው አንሥተው፣ "ይህን እንዴት አገኘሽው?" አሏት። ሌላ መልስ መስጠት ትችል ነበር። እሷ ግን የሆነውን ሁሉ ተናገረች፤ አንዱን ሰንሰለት መቁረጧን፣ እጥፋቷ ጥቅም የላትም ብላ መጻፏን፣ ሽቦውን፣ የእትዬ ፈጠነችን ክር፣ የአማካሪዋን ጣት። መድኃኒት አገኘሁ አላለችም፤ የሚፈለግበትን ቦታ ነው ያመለከተችው። ፈታኙ እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው ወደ ዶክተር ዓምደሚካኤል ዞሩ፤ እሳቸው እንደማያዩ ትዝ ሲላቸው፣ "እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ዶክተር" አሉ ጮክ ብለው። ዶክተሩ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው እጅ ነሡ።

በቀጣዩ ቅዳሜ የሳምራ እናት ወይዘሮ ቦልቴ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዘው ከገሱባ መጡ። አማርኛ እምብዛም አይሆንላቸውም። ወደ ዶክተሩ ቤት ሲሄዱ ሳምራ መንገዱን ሙሉ የምትተረጉመውን ስታሰላስል ነበር። እንደገቡ ግን ወይዘሮ ቦልቴ የዶክተሩን ሁለት እጆች ያዙና፣ "ጋላታይስ" አሉ። አመሰግናለሁ ማለታቸው ነው። እጆቻቸውንም አልለቀቋቸውም።

ዶክተር ዓምደሚካኤል አባታቸው ከሰሜን መጥተው ሶዶ የቀሩ ሰው ቢሆኑም፣ እሳቸው እዚሁ ተወልደው ያደጉ ናቸው። በጥሩ ወላይትኛ መለሱላቸው። "የማመሰግነውስ እኔ ነኝ። ቤት ልቀመጥ ወስኜ ነበር፤ ልጅሽ እንቢ አለችኝ።"

ወይዘሮ ቦልቴ ያን ጊዜ ሳቁ። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገሱባ መንገድ፣ ስለ ስኳር ሕመም ያወሩ ጀመር። ለሳምራ የሚተረጎም ነገር አልተረፋትም። እትዬ ፈጠነችን ልታግዝ ወደ ጓዳ ገባች፤ ከዚያም ሆና የሁለቱን ድምፅ ስትሰማ፣ እጇ ላይ የያዘችውን ሳህን ሳታስቀምጥ ለጥቂት ጊዜ ቆመች።