ሁለት ዓይን ያለው ዘንዶ

መሪጌታ መንበሩ በዲማና በዙሪያዋ ባሉ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ አርባ አንድ ዘንዶ ገድለዋል። ገዳዩ ጊዮርጊስ ነው እንጂ እሳቸው ምን ቤት ናቸው የሚል ካለ፣ ጦሩንም ፈረሱንም የሳሉት፣ ዘንዶውን ከፈረሱ ኮቴ ሥር ያጋደሙት እሳቸው መሆናቸውን አይርሳ። እሳቸውም አልረሱትም። በንግሥ ቀን ምእመኑ ሥዕሉን ተሳልሞ ሲወጣ፣ መሪጌታ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል ያደርጉና ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው በጎን ይቆማሉ። ማመስገን የፈለገ እሳቸው ዘንድ ይመጣል፤ እሳቸው ወደ ማንም አይሄዱም።

ከአርባ አንዱ የአሥራ ሁለቱን ቅርፊት የሞላችው ልጃቸው ዘመናይ ናት። ሥዕል ለሚጀምር ተማሪ ፊት አይሰጠውም፤ ሐረግ ወይም ቅርፊት ነው የሚሰጠው። ዘመናይም ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ በቀጭን ብሩሽ ቅርፊት ስትደረድር አደገች። ዓይኑን የሚስሉት ግን አባቷ ነበሩ፣ ያውም አንድ ዓይን ብቻ። ይህን ሕግ የዲማ ልጅ ከዳዊት ቀድሞ ያውቀዋል፦ ጻድቅ ፊቱን ሙሉ ለሙሉ ወደ ሰው ያዞራል፣ ሁለት ዓይኑም ይታያል። ሰይጣን፣ ከሃዲና ዘንዶ ግን በጎን ይሳላሉ፤ ለእነሱ አንድ ዓይን ይበቃቸዋል። በዲማ የዘመናይን ስም የሚያውቅ ጥቂት ነው። ከሕፃን እስከ ሽማግሌ የሚጠራት «የሰዓሊው ልጅ» እያለ ነው።

የሰዓሊው ልጅ ዛሬ ሃያ ሦስት ዓመት ሆኗታል። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የሶፍትዌር ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። ብሩሹን አስቀምጣ የምትስለው ኮምፒውተር ላይ ነው። አባቷ ግን ይህን ሥራ አንድም ቀን ሥዕል ብለው ጠርተውት አያውቁም። ልጅዎ ምን ትሠራለች ሲባሉ «ማርቆስ ሆና መስታወት ትነካካለች» ይላሉ። በአራት ዓመት ውስጥ የዩኒቨርሲቲውን ደጅ አልረገጡም፤ የጠራቸው የለማ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል ሰው አይደሉም። ልጅቱም ኩራቱን ከእሳቸው ወርሳለችና ይምጡልኝ ብላ ለምናቸው አታውቅም። ዘንድሮ ግን የመመረቂያ ሥራዋ ለሕዝብ ሊታይ ነው። አባቷ አይተውት ይህስ ሥዕል ነው እንዲሉላት ትፈልጋለች። ከውጤቱም ከሽልማቱም በላይ የምትፈልገው ይህንን ነው።

የመመረቂያ ሥራዋ የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። ኮዱን የሚጽፈው የክፍል ጓደኛዋ አስማማው ነው፣ ሥዕሉ የእሷ። አንድ ባለ ጎራዴ ጎበዝ ወንዝ እየዘለለ፣ ገደል እየወጣ ይሄድና መጨረሻ ላይ ዋሻ ውስጥ ወርቅ ክምር ላይ የተኛ ዘንዶ ያገኛል። ዘንዶው እሳት ይተፋል፣ ጎበዙ ይገድለዋል፣ ጨዋታው ያልቃል። ሁለቱም በሥራቸው ረክተው ነበር። በሚያዝያ ጊዮርጊስ ዲማ ሲነግሥ ታብሌቱን ይዘው የወረዱትም ለመሞከር ሳይሆን ለመመስገን ነው።

ቅዳሴ ወጥቶ ሽማግሌዎቹ ከዛፍ ጥላ ሥር እንደ ተቀመጡ፣ ታብሌቱን መጀመሪያ የተቀበሉት ቄስ ፈንታ ናቸው። የአባቷ የቆሎ ተማሪነት ጓደኛ ናቸው፣ ድምፃቸው ከዚህ ጋራ እዚያ ጋራ የሚሰማ። ታብሌቱን እንደ ዳዊት በሁለት እጃቸው ይዘው ጎበዙን ወንዝ አሻገሩት፣ ገደል አወጡት፣ ከዘንዶው ፊት አቆሙት።

«እንደምን ዋልህ» አሉት ዘንዶውን።

ዘንዶው እሳት ተፋባቸው።

«ይምቱት እንጂ አባ፣ ቀይዋን ይጫኑ» አለ አስማማው።

«ማንን ነው የምመታው?»

«ዘንዶውን ነዋ።»

ቄስ ፈንታ መነጽራቸውን አውጥተው ቀረብ ብለው አዩ። «ይሄማ ፊቱን ሰጥቶናል። ሁለት ዓይን አለው። ምታ ካልኸኝ ይሄን ጎራዴ የያዘውን ልምታልህ። ከተነሣን ጀምሮ ባንድ ዓይኑ ነው የሚያየኝ፣ አላማረኝም።»

ጎበዙ እውነትም ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚሮጥ የሚታየው በጎን ነበር፣ ባንድ ዓይኑ። ታብሌቱ ያን ዕለት በአምስት ሽማግሌዎች እጅ ዞረ። ዘንዶውን የመታ አንድም ሰው አልተገኘም። ሁለቱ እንዲያውም ጎበዙን ሆን ብለው ገደል ከትተው «ተገላገልን» አሉ። ቄስ ፈንታን የከነከናቸው ሌላ ነገር ነው። «ሁለት ዓይን ይዞ ሰላምታ የማይመልስ ባለጌ ግን ዛሬ ገና አየሁ» አሉ።

አስማማው እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ዘመናይ አልሳቀችም። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ የምታውቀውን ሕግ ረስታው ነበር፤ ያውም የዲማ ልጅ ሆና፣ የመሪጌታ መንበሩ ልጅ ሆና።

ታብሌቱ መጨረሻ ላይ አባቷ ዘንድ ደረሰ። መሪጌታ አልነኩትም፣ ጎንበስ ብለው ብቻ አዩት።

«ቅርፊቱ ያንቺ ነው» አሉ።

ዘመናይ ፈገግ ልትል ነበር።

«ዘንዶው ግን የሰው ነው። ከሰው ቤት የተዋስሽው። ወርቅ ላይ የሚተኛ ዘንዶ የት አገር አየሽ? እዚህ አገር ዘንዶ የሚተኛው ምንጭ ላይ ነው። በሰው ወርቅ አይደምቁም፣ ልጄ።» ነጠላቸውን ጣል አድርገው ተነሥተው ሄዱ።

ወደ ማርቆስ በሚመለሰው ሚኒባስ ውስጥ ዘመናይ በገነች። ያበገናት የተባለው ነገር እውነት መሆኑ ነው። እየተጫወተች ያደገችባቸውን ጨዋታዎች አንድ በአንድ አሰበች። በአንዱ ዘንዶው ስስታም ነው፣ ከወርቁ አንዲት ፍሬ ብትጎድል አገር ያቃጥላል። በሌላው ሺህ ዓመት የኖረ ሊቅ ነው፣ ምክር ሲጀምር አያቆምም። በሌላው ደግሞ እንደ በቅሎ ኮርቻ ተጭኖበት ይበራል። ሁሉም የየራሳቸው ጠባይ አላቸው፣ ግን አንዳቸውም የዚህ አገር ውሃ አልጠጡም። የቤተ ክርስቲያኑ ዘንዶ ደግሞ ጠባይ የሚባል ነገር የለውም፤ ሥራው ተወግቶ መውደቅ ነው።

«ቀላል ነው» አለ አስማማው ማግስቱን። «ዘንዶውን በጎን እናዞረዋለን፣ ጎበዙን ፊት ለፊት። በሁለት ቀን ያልቃል።»

እሺ ልትለው ነበር። ግን ቅርፊት ስትሞላ አባቷ መሰላሉ ላይ ሆነው ያወሩላት የነበረ ተረት ትዝ አላት። ከቆላ በላይ ከደጋ በታች ባለ አንድ ምንጭ ላይ የተኛ ዘንዶ ነበር። ሰዉ ውሃ ሲጠማው ጦር ይዞ ሄደ፤ ዘንዶው ጅራቱን የምንጩ አፍ ላይ እንዳደረገ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ አንዲት ባልቴት ባዶ እንስራዋን አዝላ ሄዳ ሦስት ጊዜ እጅ ነሥታ ጠራችው፣ ጅራቱን አነሣላት። ያ ዘንዶ ወርቅ አይፈልግም፣ ሥጋም አይፈልግም። ኩራቱ እራቱ ነው። የሚፈልገው በወጉ መጠራትን ብቻ ነው።

ዘመናይ እንዲህ ያለ ፍጡር በአካል ታውቃለች። ድግስ ላይ ሦስት ጊዜ ሳይለመን ከመደብ የማይቀመጥ፣ ብሉ ሲሉት በቅቶኛል የሚል፣ በሞቴ ካልተባለ እጁን የማይዘረጋ። አራት ዓመት ሙሉ በጎን ሲያያት የኖረ።

ፈራች። አባቷ ዕድሜ ልካቸውን ዘንዶን ከፈረስ ኮቴ ሥር የጣሉ ሰው ናቸው። የገዛ ልጃቸው ዘንዶ አድርጋ ብትስላቸው ይረግሟት ይሆናል። ግን እጇ አንዴ ከጀመረ አልቆም አለ። ወርቁን አጥፍታ ምንጭ ሳለች። ዘንዶውን በጎን አስተኛችው፣ ባንድ ዓይኑ። ክንፉን እንደ ነጠላ ትከሻው ላይ ጣል አደረገችው። አስማማውም ሰዓሊነት ባይኖረው ቀልድ ይገባዋልና ለሦስት ሳምንት እንቅልፉን ሠዋላት።

አባቷን የጠራችው በስልክ ነው።

«አባባ፣ ግንቦት ሃያ ሰባት ሥራችን ለሕዝብ ይታያል። ይምጡልኝ።»

«እናያለን» አሉ።

ከሦስት ቀን በኋላ ደግማ ደወለች። «የቤተ መቅደስ መጋረጃ ስዬ ልጨርስ ይዣለሁ፣ የጀመርሁት አላለቀም» አሉ። ስልኩን ዘግታ ተናደደች፣ አለቀሰችም። ከዚህ በላይ አልለምንም ብላ አንድ ሳምንት ቆየች። ከዚያ እንደ ምንም ኩራቷን ዋጥ አደረገችና ሦስተኛ ደወለች።

«አባባ፣ እርስዎ ካላዩት የተሠራ አይመስለኝም። ስለ ጊዮርጊስ ይምጡልኝ።»

ዘመናይ በስልኩ ውስጥ ጉሮሮ ሲጠረግ ሰማች።

«ስንት ሰዓት ላይ ነው?»

ዘመናይ ሳቋ እንዳይሰማ አፏን ያዘች። ትናንት ማታ ከአስማማው ጋር የቀዱለት የዘንዶው ድምፅ ልክ ይኸው ነበር።

በቀኑ የዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቷል። መሪጌታ መንበሩ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ ቄስ ፈንታን አስከትለው መጡ። ወንበር ሲሰጧቸው ሁለት ጊዜ «ቆመን እናያለን» ብለው በሦስተኛው ተቀመጡ። ከዳኞቹ አንዷ ከአዲስ አበባ የመጡ ወይዘሮ ምሥራቅ የሚባሉ የጨዋታ ባለሙያ ናቸው። ሕጉ ጥብቅ ነው፦ ዳኛ ሲሞክር ሠሪዎቹ ቃል አይተነፍሱም። የሚሆነው ሁሉ በትልቁ ሸራ ላይ ለአዳራሹ ይታያል።

ወይዘሮ ምሥራቅ ጎበዙን ይዘው ምንጩ ዘንድ ደረሱ። ዘንዶውን መቱት። አልሞተም፣ አልተቆጣምም፤ ጅራቱን ምንጩ አፍ ላይ አደረገ፣ ውሃው ደረቀ፣ ጨዋታው ወደ ኋላ መለሳቸው። እንደገና ደረሱ። አሁን ጎራዴውን መሬት ላይ አስቀምጠው «እንደምን ዋሉ» የሚለውን ቁልፍ ተጫኑ። ዘንዶው በጎኑ እንደተኛ ቀረ። ትንሽ ጠበቁ።

«ተበላሸ መሰለኝ» አሉ ወይዘሮ ምሥራቅ፣ ሊነሡም ቃጣቸው።

ዘመናይ ከንፈሯን ነከሰች። ብትናገር ከውድድሩ ትወጣለች። ባትናገር የሦስት ሳምንት ሥራዋ እንደ ብልሽት ተቆጥሮ ሊቀር ነው።

«አልተበላሸም» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ። «ደግመው ይጥሩት።»

አዳራሹ ዞረ። መሪጌታ መንበሩ ናቸው።

«ጠራሁት እኮ» አሉ ወይዘሮ ምሥራቅ።

«አንዴ ተጠርቶ የሚዞር ውሻ ነው። ይድገሙት፣ ከዚያም ይሠልሱት።»

ደገሙት። ዘንዶው ክንፉን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ። ሠለሱት። ዘንዶው ጉሮሮውን ጠረገና አንገቱን ቀስ ብሎ አዞረ። ሙሉ ፊቱ ወደ አዳራሹ መጣ። ሁለት ዓይኖቹ ትልልቅ፣ ጥቁር፣ የዲማ ግድግዳ ላይ ጻድቃን የሚያዩባቸው ዓይኖች ነበሩ። ጅራቱን አነሣ፣ ምንጩም ፈሰሰ።

ቄስ ፈንታም ሹክሹክታ በመሰላቸው ድምፅ ተናገሩ።

«መንበሩ፣ ይሄ ዘንዶ አንተን አይመስልም?»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ዘመናይ ግን ዓይኗን ከአባቷ ፊት ማንሣት አልቻለችም።

«ዝም በል፣ ልይበት» አሉ መሪጌታ።

ከወንበራቸው ተነሥተው ወደ ሸራው ቀረቡ። ቅርፊቱን አዩ። የክንፉን አጣጣል አዩ። ከሁሉ ይልቅ ዓይኖቹ ላይ ቆዩ። በአርባ አንድ ዘንዶ ውስጥ እሳቸው ያልደፈሩትን ልጃቸው ደፍራለች፣ ደፍራም አላበላሸችም፤ ይህን ደግሞ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ በዚያ አዳራሽ ውስጥ አልነበረም።

«ጨዋታውን ያውቁታል ማለት ነው፣ ማን ነዎት?» አሉ ወይዘሮ ምሥራቅ።

መሪጌታ ከሥዕሉ አልዞሩም።

«ይቅርታ አባቴ፣ ማን ልበል?»

አሁንም በጎን እንደ ቆሙ ናቸው። ወይዘሮ ምሥራቅ ሸራውን አዩ፣ ሰውዬውን አዩ። ከዚያ ከወንበራቸው ተነሥተው ዝቅ ብለው እጅ ነሡ።

«እንደምን ዋሉ አባቴ። ማን ልበልዎ?»

መሪጌታ መንበሩ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሙሉ ፊታቸውን ወደ ሰዉ አዞሩ።

«የሰዓሊዋ አባት ነኝ» አሉ።