ያልተለካው ክረምት

እንየው ሜትሩን ከበሬው ደረት ፈታና እንደገና ጠመጠመ። ሲለካ ሦስተኛው ነው። ያው መቶ ሠላሳ ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር። ቀመሩ የነገረው ግን መቶ ሃምሳ ሁለት ነበር።

"ሜትርህ ተበላሸ እንዴ?" አለች ኛኮንግ፣ የበሬውን ገመድ እንደያዘች።

"ሜትሩ ደህና ነው።"

"አዎ። በሬው ነው የከሳ። ነጋዴው ትናንት መጣ፣ ሻኛውን ነካ፣ ምንም ሳይል ሄደ።"

እንየው ጋምቤላ ከተማ ውስጥ የሚሠራ የእንስሳት ምርምር ባለሙያ ነው። ኢታንግ ዙሪያ የሠላሳ ከብቶችን ደረት በየወሩ እየለካ፣ ክብደታቸው እንዴት እንደሚጨምር የሚተነብይ ቀመር ሲያበጅ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። እስከ ሰኔ ድረስ የኛኮንግን በሬ የሚያህል አልነበረም።

ክረምቱ ሲከብድ ጎርፉ መንገዱን ዘጋው። ማንም ሙላ አላለውም፤ ባዶ ረድፍ ማየት አላስችል ቢለው የሐምሌን፣ የነሐሴንና የመስከረምን፣ በኋላም የጥቅምትን ቁጥር ከራሱ ቀመር አውጥቶ ሞላ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። ግራፉ ሲያምር ጊዜማ ደስ ብሎት ነበር።

በመስከረም ማብቂያ ኛኮንግ ቢሮው ድረስ መጣች። የእሱን መኪና አላሳልፍ ያለው ጎርፍ እሷን በጀልባና በእግር አሳልፏታል። ልጇ ለነርስነት ትምህርት የምትመዘገበው ኅዳር ላይ ነው፤ በሬው የሚሸጠውም ለዚሁ ነው። ገዢ አግኝታ፣ ልሽጠው ወይስ ልቆይ ብላ ልትጠይቀው ነው የመጣችው። "ዘንድሮ ከብት የሚያከሳው ዝንብ ክፉ ነው" ብላዋለች። እሱ ግን ኮምፒዩተሩን ወደ እሷ አዞረና ሽቅብ የሚወጣውን መስመር አሳያት። "እየጨመረ ነው፤ እስከ ኅዳር ታገሺ" አላት። አምናው ተመለሰች።

አሁን ኅዳር ነው፤ መንገዱ የተከፈተው ገና በዚህ ሳምንት ነው። የእንየው ስልክ ጮኸ። የቡድኑ መሪ ቤርሳቤ ናት።

"እንየው፣ ሪፖርቱ ነገ ይቀርባል እኮ። የዛሬው ስንት መጣ?"

"መቶ ሠላሳ ዘጠኝ።"

"ኧረ ባክህ! ግራፉን ሊያበላሽብን ነው። አንድ በሬ አይደል? አውጣው በቃ።"

"ስህተቱ እሱ ጋ አይደለም። የክረምቱን ቁጥር ሳልለካ ነው የሞላሁት።"

"የዚህን በሬ ብቻ?"

"የሠላሳውንም። አራቱንም ወር አልተለካም ብለሽ ጻፊበት። የምጠየቀውም እኔ ነኝ።"

ስልኩን ሲዘጋ ኛኮንግ አፍጥጣ እያየችው ነበር።

"ያ ያሳየኸኝ መስመር... አልለካህም?"

"አልለካሁም።"

"አላውቅም ብትለኝ እኮ እሸጠው ነበር።"

እንየው አፈረ። ያን ቀን ቢሮው ውስጥ ተቀምጦ ያንን አንድ ቃል መናገር ምን ያህል ቀላል እንደነበር አሰበ። ምዝገባው ዓርብ ያበቃል። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም።

"ኮሌጁ ድረስ ሄጄ ልናገርላችሁ" አላት። "ጥፋቱ የኔ መሆኑን..."

"ኮሌጁ ምን ያደርጋል? ብር ነው የሚፈልግ።" ገመዱን ከእጇ ላይ ፈታች። "ለልጄ ንገራት። እኔ ነኝ ቆዪ ያልኳት። ከትናንት ጀምሮ አታናግረኝም።"

"የት ናት?"

"ወንዝ።"

ከመኪናው አጠገብ ሾፌሩ ሰዓቱን እያሳየ ጠራው፤ ሳይመሽ ሌሎች አራት በሬዎች መለካት አለባቸው። እንየው ሜትሩንና መዝገቡን አምጥቶ ሰጠው። "ዛሬ አልለካም፤ ጠብቀኝ" አለውና ወደ ኛኮንግ ተመለሰ።

"ስሟን ማን ልበል?"

"ሁለት ዓመት ስትመጣ አልጠየቅህም?" አለች ኛኮንግ። "ኛሉዋል።"

ስሟን እንዳይሳሳት በልቡ ደገመውና ቁልቁል ወደ ወንዙ ሄደ።